የዋልያ ሰባት ቤት

በሰሜን ተራሮች፣ ጭነቅ ላይ የጠዋት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ፀሐይ ቧሂትን ተሻግራ እስክትመጣ ጓሳው ላይ ያደረው ውርጭ አይረግፍም። የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ገደሉን ቁልቁል ያያሉ። ዋልያ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ከገደሉ ወገብ ጠጠር ሲንሸራተት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ የተቆለመመ ቀንድ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ጺሙ፣ ከዚያ ደረቱ። መንጋው ሜዳው ላይ ጥቂት ሲለቅም ቆይቶ ወደ አስታው ሲመለስ፣ ቆሞበት በነበረው ቦታ የሚቀረው ከሽምብራ ፍሬ ከፍ የሚል፣ ገና እንፋሎቱ ያልበረደ በጠጥ ነው።

ካሜራ ያነገተ ጎብኚ በጠጡን ረግጦት ያልፋል። ዘረመል የሚያጠና ሰው ግን ይንበረከካል። ጓንቱን ያጠልቃል፣ ጥቂት ፍሬ ይለቅማል፣ እርጥበት የሚመጥ ደቃቅ ጠጠር ወይም አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይጨምራል፣ ክዳኑ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን ይጽፋል። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አልሰሰተም፤ የከብቱን እበት፣ የፈረስና የአህያውን ፋንድያ፣ የወፉን ኩስ፣ የፍየልና የበጉን በጠጥ ብሎ ለየብቻው ሰይሞታል። ስለ ሰሜን ተራሮች የዱር እንስሳት ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተገኘው አዲስ ዕውቀት ከፊሉ የወጣው ከእነዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ በአንጀት ሲያልፍ የአንጀቱን ግድግዳ እየፋቀ ይሄዳል። ትኩስ በጠጥ ላይ በሚያብረቀርቀው ስስ ሽፋን የእንስሳው የራሱ ሕዋሳት ተለጥፈው ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ የእንስሳው ሙሉ የዘር መጽሐፍ፣ ዲኤንኤ፣ አለ። መጽሐፉ የተጻፈው በአራት ፊደላት ብቻ ነው፤ የአንድ ፍየል ወይም የአንድ ዝንጀሮ መጽሐፍ ግን ወደ ሦስት ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው። መጽሐፉ እንዳለ ጂኖም ይባላል፤ ለአንድ ተግባር የሚያገለግለው አንቀጽ ደግሞ ዘረመል። ከዋልያ ደም ለመቅዳት በማደንዘዣ መምታት፣ በመቶዎች ሜትር በሚለካ ገደል አፋፍ ላይ የቆመን እንስሳ እግር እንደማሳጣት ነው። በጠጡን መልቀም ግን እንስሳውን አያስደነግጠውም።

በ2009 (እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሪሁን ገብረመድኅን የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የዋልያን የዘር ሐረግ የሚመረምር ጥናት አሳተመ። ጥናቱ ሁለት ነገር ገለጠ። አንደኛው ዝምድናውን ነው። የዋልያ የቅርብ ዘመድ በሲና፣ በዓረብ ምድርና በሱዳን የቀይ ባሕር ተራሮች የሚኖረው የኑቢያ የዱር ፍየል ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱ የተለያዩትም ከዛሬ 800 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። አንድ የጥንት መንጋ በቀይ ባሕር ዳር ተራሮች አድርጎ ወደ ደቡብ ወጣ፤ ከፊሉ ሰሜን ተራሮች ላይ ቀረና በዚያው ተነጥሎ ሌላ ፍጥረት ሆነ ተብሎ ሊገመት ይችላል።

ሁለተኛው ግኝት የሚያሳስበው ነው። ዋልያዎቹ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ በመጽሐፋቸው ውስጥ የሚገኘው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። የሰሜን ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደባርቅ ይሁን ዳባት፣ ልጅ ለመዳር የታሰበ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሐረግ ይመዝዛሉ፤ የእሷ አያት ማን ነበሩ፣ የእሱ ቅድመ አያት ከየት መጡ፣ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት ቤት በታች የተገናኘ ጋብቻ ይፈርሳል። ዋልያ ግን ሰባት ቤት ቢቆጥር መውጫ አያገኝም፤ የትኛውም ሴት ለየትኛውም ወንድ ዘመዱ ናት። ይህ በሽታን የመቋቋም አቅምን ያሳሳል፤ ከአባትም ከእናትም በኩል አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል የመገናኘት ዕድልን ያሰፋል።

የዘረመል ልዩነቱ እንዴት እንደሳሳ የቁጥሩ ታሪክ ይናገራል። በ1960ዎቹ፣ ስዊዘርላንዳዊው በርንሃርድ ኒቨርጌልት ተራራው ላይ ተቀምጦ ዋልያን ባጠናበት ዘመን፣ እንስሳው 200 እንኳ አይሞላም ተብሎ ይገመት ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተከለለ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ እስከ 2017ም አልወጣም። በመካከሉ ዋልያው አገግሞ ከ800 አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የጦርነትና የሥርዓት አልበኝነት ዘመን ግን ቁጥሩን ወደ 300 ገደማ መለሰው። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መንጋ ቁጥሩን በጥቂት ዓመታት ሊመልስ ይችላል፤ የጠፋ የዘረመል ልዩነት ግን በቶሎ አይመለስም። አዲስ ልዩነት የሚፈጠረው በትውልድና በትውልድ ቅብብሎሽ በሚመጣ ጥቃቅን ለውጥ ነው፤ ያ ደግሞ የሺህ ዓመታት ጉዳይ ነው። ስለዚህ 800 ዋልያ ተቆጥሮ ቢገኝ እንኳ የ200ዎቹን መጽሐፍ የያዙ 800 ናቸው።

በዚህ ረገድ ዋልያ የሩቅ አገር ዘመድ አለው። በአልፕስ ተራሮች ያለው የዱር ፍየል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታድኖ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ በኢጣሊያ በግራን ፓራዲሶ የንጉሡ የአደን ክልል ውስጥ መቶ ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1906 ስዊዘርላንዳውያን ግልገሎች በድብቅ አሻግረው አራቡ፤ ዛሬ በመላው አልፕስ 50 ሺህ ገደማ አለ። በ2020 የወጣ የጂኖም ጥናት የዚህን መንጋ መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ ሁለት ነገር አገኘ። ያ ሁሉ መከራ በጣም ገዳይ የሆኑትን ጉድለቶች ጠርጎ አጥፍቷቸዋል፤ ቀስ ብለው የሚጎዱት ቀላል ጉድለቶች ግን ተከማችተዋል። ለሰሜን ተራሮች ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዋልያን ከጥቂት ማብዛት ይቻላል። ነገር ግን የአልፕሱ ፍየል ሌላ የመራቢያ ቦታ ተገኝቶለት ነበር፤ ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ በአንድም መካነ እንስሳት ውስጥ አንድም ዋልያ አይኖርም። አንድ ክፉ ወረርሽኝ፣ አንድ ክፉ ክረምት ሁሉንም ሊያገኝ ይችላል።

ከበጠጡ የሚነበበው የእንስሳው ማንነት ብቻ አይደለም፤ የበላውም ይነበባል። ቅጠል ሲፈጭ የዕፅዋቱ ዲኤንኤ ቁርጥራጭ ሳይጠፋ አብሮ ይወጣል። በሪሁን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ አፈወርቅ በቀለና ስለሺ ነሞምሳ እንዲሁም ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2016 ያሳተመው ሌላው ሥራ ይህንን ተጠቀመ። መጀመሪያ የደጋው ዕፅዋት እያንዳንዳቸው የሚታወቁበት የዲኤንኤ ማመሳከሪያ ተዘጋጀ። ቀጥሎ ከፓርኩ ውስጥ የዋልያም የቤት ፍየልም በጠጥ ተለቀመ። ሁለቱን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ዲኤንኤው ግን የማን እንደሆነና ምን እንደበላ አብሮ ይናገራል። ሁለቱም ከሣር ይልቅ ቅጠላ ቅጠልና ቁጥቋጦ የሚቀነጥሱ ሆነው ተገኙ፤ አዘውትረው ከሚመርጧቸውም ብዙዎቹ ያው አንድ ናቸው፤ አስታ፣ አሜጃና ሌሎችም።

ይህን ማንኛውም የጃናሞራ እረኛ ያውቀዋል ሊባል ይችላል። እረኛው ያውቀዋል፤ ጥናቱም እውነቱን አረጋገጠለት እንጂ አልካደውም። ልዩነቱ፣ እረኛው የሚያውቀው ነገር በጠረጴዛ ዙሪያ ለሚቀመጥ ሰው በቁጥር ሲቀርብ ክብደት ማግኘቱ ነው። ጥያቄው ከባድ ነውና። ግጭ ከሚባለው የፓርኩ አምባ በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ቤታቸውን ለቀው ደባርቅ ከተማ ሰፍረዋል። የአያት የቅድመ አያት ርስትን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር፣ የመቃብሩን ቦታ ትቶ መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ያህል መሥዋዕትነት ከተከፈለ፣ የተከፈለበት ምክንያት በግምት ሳይሆን በተጣራ ማስረጃ መታወቅ አለበት። ፍየል በየትኛው ወር፣ በየትኛው ተዳፋት ላይ ከዋልያ አፍ ይነጥቃል? የትኛው ግጦሽ ለገበሬው ቢተው ዋልያን አይጎዳም? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ አንድ ብልቃጥ በጠጥ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

በዚሁ ፓርክ፣ ሳንቃበር ላይ ግን ነገሩ መልኩን ይቀይራል። እዚህ የሚወጣው ጭላዳ ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ተለጥፎ ያደረው መንጋ ፀሐይ ሲሞቅለት ወደ ሜዳው ወጥቶ ቁጭ ይላል፤ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ ቂጡን መሬት ላይ እየጎተተ ሙሉ ቀን ይበላል። ቱሪስት መሃሉ ቢቀመጥ ዞር ብሎም አያየው። ከ2006 ጀምሮ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ ጃሲንታ ቢነርና ቶር በርግማን የመሠረቱት የምርምር ፕሮጀክት እነዚህን ጭላዳዎች በየስማቸው እየለየ ይከታተላል። ዓይነ ምድራቸውም ይሰበሰባል። የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ የታወቀው ከእሱ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት፣ መንጋውን ብቻውን የሚገዛ አውራ የልጆቹ ሁሉ አባት መሆኑን፣ ተከታይ ወንዶችን አብሮ እንዲኖሩ የፈቀደ አውራ ግን ከአሥሩ ልጅ የስምንቱ ያህል አባት ሆኖ ቀሪውን ለእነሱ እንደሚተው አሳየ። በምላሹ ተከታዮቹ ከመጤ ወንድ ስለሚከላከሉለት ሥልጣኑ ይረዝማል። ለብዙ ዘመን በዓይን ብቻ ቢታይ ይህ ሒሳብ አይገኝም ነበር።

ትልቁ ዜና የመጣው በ2022 ነው። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በእነ ኬነት ቺውና ኖህ ስናይደር-ማክለር የተመራ ቡድን የጭላዳን ሙሉ ጂኖም አንብቦ አሳተመ። ጥናቱ የሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች በመሃል ኢትዮጵያ ካሉት ዘመዶቻቸው በክሮሞሶም ቁጥር እንደሚለዩ ደረሰበት። ክሮሞሶም ማለት ያ ረጅም መጽሐፍ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ጥራዝ ነው። የመሃል አገሮቹ 42 አላቸው፤ የሰሜኖቹ 44። አንዱ ጥራዝ በዘመን ብዛት ለሁለት ተከፍሏል።

የሁለት ጥራዝ ልዩነት ምን ያመጣል የሚል ሰው፣ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ጭነት የሚጠብቁትን በቅሎዎች ይመልከት። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፤ አህያ 62። ከሁለቱ የተወለደው በቅሎ 63 ይዞ ይወጣል፤ ጎዶሎውን ለልጅ አካፍሎ ማስተላለፍ ስለማይችል ይመክናል። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ የሚባለው ኩራቱን ለመግለጽ ነው፤ ዘር የሌለው መሆኑ ግን እውነት ነው። የጭላዳው ጉዳይ የግድ የበቅሎውን ያህል አይሆንም፤ አንድ ጥራዝ ለሁለት ስለተከፈለ ብቻ ድቅል ሁሉ አይመክንም። 43 ክሮሞሶም የያዘ ድቅል ጭላዳ ግን ልጅ የመውለድ ዕድሉ ሊቀንስ ይችላል። በዚህም የተነሳ ተመራማሪዎቹ የሰሜኑ ጭላዳ ራሱን የቻለ ዝርያ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። እንዲህ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ እንደ አንድ የተቆጠረው ጭላዳ እንደገና ለየብቻው መቆጠር አለበት፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይተካል የሚለው መጽናኛም ያበቃል።

ያው ጥናት ሌላም ጥያቄ አነሳ፤ ጭላዳ በዚህ ሁሉ ከፍታ እንዴት ይተነፍሳል? ኦክስጅን የሚሸከመው የደሙ ሄሞግሎቢን በዘረመሉ ላይ ለውጥ ቢታይበትም፣ ሲፈተሽ ከቆላ ዝንጀሮዎች የተለየ ኦክስጅን የመያዝ ኃይል አልተገኘበትም፤ መጠኑም አልጨመረም። ደረቱ ግን ከዘመዱ ከተራ ዝንጀሮ ሰፋ ይላል። እዚህ ላይ ሰው ራሱም ይነሳል። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በዚሁ ተራራ በ3,530 ሜትር ላይ ያለችውን የአምባራስ መንደር ነዋሪዎች ደም መርምረው ዓለምን አስደንቀው ነበር። በአንዲስ ተራሮች ያለ ሰው በደሙ ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ የቲቤት ሰው ሳይጨምር በትንሽ ኦክስጅን ይኖራል። የአምባራስ ሰው ግን ሄሞግሎቢኑም ኦክስጅኑም ከባሕር ወለል ሰው ብዙም አይለይም፤ ቧሂትን ሽቅብ የሚወጣውም በዚህ ደም ነው። ገበሬውና ጭላዳው በአንድ ሜዳ ላይ ለአንድ ፈተና የየራሳቸውን መፍትሔ አግኝተዋል።

ስለ ቀይ ቀበሮ ለማውራት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር በኩል ሰሜን ተራሮችን ጎብኝቶ ነበር። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም ዛሬም ካኒስ ሲመንሲስ፣ የሰሜኑ ማለት ነው። በሀገሩ ቋንቋ ቀበሮ ቢባልም ዘረመሉ የሚያመለክተው ከተኩላና ከውሻ ወገን መሆኑን ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ለመራባት የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ሲሆን ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ያለው መቶ አይሞላም።

በ1994 ዳዳ ጎቴሊና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት የዚህ እንስሳ የዘረመል ልዩነት እጅግ ጠባብ መሆኑ ታወቀ፤ ባሌ ውስጥ ደግሞ ከቤት ውሻ ጋር የተዳቀሉ መኖራቸው ተረጋገጠ። በ2023 የታተመ የጂኖም ጥናት ደግሞ ጥበቱ የትናንት ብቻ አለመሆኑን አሳየ። ቀይ ቀበሮ ለብዙ ሺህ ዓመታት በጥቂት ቁጥር የኖረ፣ ለከፍታው አየር የሚያስፈልገውን ለውጥ በዘረመሉ የያዘ፣ የተጎዱ አንቀጾችም የተከማቹበት ነው። በበረዶ ዘመን ደጋው ሁሉ በቀዘቀዘበት ጊዜ ሜዳው ሰፊ ነበር፤ ሙቀቱ ሲመጣ ቀዝቃዛው መሬት ወደ ተራራ ጫፍ ተሰበሰበ፤ ቀበሮውም አብሮ ወጣ። ቀጥሎ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ከሥር ተከተለው። ዛሬ የሰሜኑ ቀበሮ ባሌ ላለው ወገኑ ሙሽራ መላክ አይችልም፤ በመካከላቸው ስምጥ ሸለቆው፣ ከተማውና እርሻው አለ።

ስለዚህ እያንዳንዷ ነፍስ ዋጋ አላት። በ2020 የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች በፓርኩ ውስጥ እግሩ በጥይት የተሰበረ አንድ ወንድ ቀበሮ አገኙ። ታክሞ አይተርፍም ሳይሉ መጠለያ ሠርተውለት 51 ቀን አስታመሙት፤ ተረፈ ብለውም ሰየሙት። አንገቱ ላይ መከታተያ ታስሮለት ተለቀቀ፤ ኋላም ጓደኛ አግኝቶ ቡችሎች አሳደገ። ከመቶ በታች በሆነ ወገን ውስጥ የአንድ ወንድ መትረፍ ለቀጣዩ ትውልድ የሚተላለፈውን መጽሐፍ በእርግጥ ይለውጣል። የውሻ እብደት የገባ ቀን ግን የአንድ ቀበሮ ጉዳይ አይሆንም፤ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ እንደታየው ከገበሬው ውሻ የተነሳ በሽታ ከመንጋው ብዙውን ይፈጃል። የደባርቅና የጃናሞራ ውሾች መከተብ የቀበሮ ጥበቃ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው።

ከፓርኩ ወርዶ በዳባት ገብስ ማሳዎች ዳር ማታ ማታ የሚጮኸው ሌላው ቀበሮ፣ ግልገል የሚነጥቀው፣ እሱም ታሪክ አለው። ለረጅም ዘመን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ተደርጎ ተቆጥሯል። በ2011 ከኢትዮጵያ ደጋ የተወሰደ ናሙና ሲነበብ ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ በ2015ም የጂኖም ጥናት የአፍሪካው ከእስያው የተለየ ዝርያ መሆኑን አረጋገጠ። ቀጥሎ በ2018 የመጣው ጥናት ደግሞ ከግራጫ ተኩላና ከቀይ ቀበሮ ዘመድ የተቀላቀለ ደም እንዳለው አመለከተ። የዳባት ገበሬ በዱላ የሚያባርረው ሌባ፣ ጥንት በደጋው ሁሉ ይኖር ከነበረው ዘር ቅሪት አለበት።

ትንሹ ግኝት ደግሞ ሦስት ግራም ይመዝናል። በ2015 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ባልደረባ ቢል ስታንሊ ከቡድኑ ጋር ሰሜን ተራሮችን በየከፍታው እየወጣ ትንንሽ አጥቢዎችን ሲያጠና በዚያው በሥራ ላይ አረፈ። ባልደረቦቹ፣ ከመቐለ ዩኒቨርሲቲው ዮናስ መሐረቱ ጋር፣ ጥናቱን አልተዉትም። ሙዚየሙ ቀደም ሲል በ1927 ከዚሁ ተራራ የሰበሰበው ናሙና መሳቢያ ውስጥ ስለነበር የ88 ዓመት ለውጥ ማነጻጸር ተቻለ። ከያዟቸው መካከል አንዷ አፈ ሾጣጣ፣ አይጥ መሳይ ነፍሳት በል ፍጥረት በዲኤንኤዋም በአካሏም ከሚታወቁት ሁሉ ተለየች፤ በ2025 ለሟቹ መታሰቢያ ክሮሲዱራ ስታንሊዪ ተብላ ተሰየመች። በስኳር ኪዩብ ክብደት የምትለካ ፍጥረት ከቀይ ቀበሮው እግር ሥር ስትኖር ስም አልነበራትም።

ይህ ሁሉ ሲነበብ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ናሙናው ከጭነቅ፣ ከሳንቃበር፣ ከግጭ ይነሳል፤ የሚነበበው ኦስሎ፣ አሪዞና፣ ቺካጎ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ሕግ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሀገር ጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ፣ ከወጣም ጥቅሙ እንዲመለስ ያዛል፤ ጥንቃቄውም የጤፍ ዱቄት በኔዘርላንድ የባለቤትነት መብት ተይዞበት የደረሰውን ለሚያስታውስ ሰው ተገቢ ነው። ሕጉ ግን ናሙናውን በር ላይ ይይዛል እንጂ አንባቢውን አያመጣም። የዋልያ ነገር በየቀኑ የሚወሰነው ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ በየቀበሌው ሸንጎ፣ በእረኛው ጅራፍ ነው። ውሳኔው እዚህ ሆኖ ማስረጃው ከዓመታት በኋላ በእንግሊዝኛ መጽሔት ሲወጣ፣ መጽሔቱን ደባርቅ ላይ ማን ያነበዋል?

ይህ የግድ መሆኑ ቀርቷል። ዲኤንኤ የሚያነብ መሣሪያ መዳፍ ላይ የሚያዝ፣ ክብደቱ ከመቶ ግራም የማይበልጥ ሆኗል፤ ኢኳዶር ውስጥ ተመራማሪዎች ጫካ ድረስ ይዘውት ገብተው እዚያው ሠርተውበታል። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ጎንደር የመቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። በጠጡን የሚለቅመው ስካውትና ፊደሉን የሚያነበው ወጣት በአንድ ከተማ ውለው ቢያድሩ፣ ዋልያው በዚህ ዓመት ምን እንደበላ በዚሁ ዓመት ይታወቃል።

የሚነበበውም የዱሩ ብቻ አይደለም። ተመራማሪው ሰለሞን ግዛው በ2007 የኢትዮጵያን በጎች ዘረመል ሲያጠኑ፣ ከመረመሯቸው 14 የበግ ወገኖች ዘጠኝ ዝርያ ለይተው አውጥተዋል፤ የሰሜን በግ ለብቻው አንዱ ነው። አጭር ላት፣ ከጸጉሩ ሥር ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ፣ ለውርጭ የተሠራ ሰውነት። የሚኖረውም እዚሁ አምባ ላይ ነው። ከዋልያው ጋር አንድ ብርድ ይጋራሉ፤ ብርዱን ለመሸከም የሚያስችለው አንቀጽ በመጽሐፉ ውስጥ የት እንዳለ ማወቅ ደግሞ ለመጪው ዘመን ገበሬ ሀብት ነው። ከውጭ ከመጣ ዝርያ ጋር ያለ ጥንቃቄ ሲዳቀል ይህ አንቀጽ ሳይነበብ ሊደለዝ ይችላል።

በገበያ ቀን ደባርቅ ላይ በጉ በእግሩ ይመጣል። ባለቤቱ ገዢው ላቱን ሲዳብስ፣ ጥርሱን ሲያይ፣ ጀርባውን ጨበጥ ሲያደርግ በትዕግሥት ይጠብቃል። ከዚያ ሐረጉን ይነግረዋል፤ እናቱ መንታ ትወልድ ነበር፣ አባቱ የእገሌ አውራ ነው፣ እሱን የወለደው ደግሞ ከበየዳ የመጣው ነጩ ነበር። ሦስት አራት ቤት ይደርሳል። ዋጋው ሲቆረጥ ገዢው ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል፤ በጉ እግሩ ታስሮ ወደ አይሱዙው ይወጣል፤ ሐረጉን የሚያውቀው ሰውዬ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከትቶ ወደ አምባው መንገድ ይጀምራል፤ መኪናው ዳባትን አልፎ ወደ ጎንደር ይወርዳል።